«ኰርን»፦ ስለ ጥንታዊው የአውሮፓ የእጅ ወፍጮ ስም ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

(ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ቃሉ የትኛው ነው?

በእንግሊዝኛ «ኰርን» ይባላል፤ የእጅ ወፍጮ ማለት ነው። ፊደሉን ልብ በሉልኝ፤ ኮ አይደለም፣ ከንፈር አሞጥሙጠው የሚያነቡት ኰ ነው። ነገሩ ሁሉ የሚያርፈው በዚህች ፊደል ላይ ስለሆነ ወደ ኋላ እንመለስባታለን። ዛሬ ለንደን መንገድ ላይ ሰው አቁማችሁ ብትጠይቁ ብዙው ቃሉን አያውቀውም፤ በእንግሊዝኛ የቀረው በአርኪዮሎጂ ሰዎች አፍ ነው ማለት ይቻላል። ስካንዲኔቪያ ውስጥ ግን በየወጥ ቤቱ አለ።

የቃሉ ወንድሞችና እህቶች ብዙ ናቸው። በጥንታዊ እንግሊዝኛ «ክዌዎርን»፣ በቫይኪንጎቹ ቋንቋ በጥንታዊ ኖርስ «ኴርን»፣ በጥንታዊ ጀርመንኛ «ኲርን»፣ በጎቲክ «ኴርኑስ»። የዛሬዎቹ ደግሞ የስዊድንኛው «ክቫርን»፣ የኖርዌይኛውና የዴንማርክኛው «ክቬርን»፣ የአይስላንድኛው «ክቮርን» ናቸው። የቋንቋ ሊቃውንት እነዚህን ጎን ለጎን አስቀምጠው የጋራ እናታቸው «ኴርኑዝ» ወይም «ኴርኖ» ነበረች ይላሉ። ይህችን እናት ማንም ጽፏት አልተገኘም፤ ከልጆቿ መልክ ተነሥቶ የተሠራ ስሌት ናት።

ተጽፎ የተገኘው መጀመሪያ የት ነው?

በወንጌል ውስጥ። በ4ኛው መቶ ዘመን ውልፊላ የተባለ የጎቶች ጳጳስ መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ሕዝቡ ቋንቋ ወደ ጎቲክ መለሰ፤ በጀርማኒክ ቋንቋዎች (እንግሊዝኛ፣ ጀርመንኛና ከላይ የዘረዘርናቸው ሌሎች ባሉበት ቤተሰብ) ከተጻፉት ረጃጅም ጽሑፎች ሁሉ ቀዳሚው እሱ ነው። ማርቆስ 9፥42 ላይ፣ ከታናናሾቹ አንዱን የሚያሰናክል ሰው የወፍጮ ድንጋይ በአንገቱ ታስሮ ባሕር ቢጣል ይሻለዋል የሚለው ቦታ ሲደርስ «አሲሉኴርኑስ» ብሎ ጻፈ። «አሲሉስ» አህያ ነው፣ ከላቲን የተወሰደ። «ኴርኑስ» ደግሞ የአገሩ ቃል። ግሪኩ «የአህያ ወፍጮ» ስለሚል፣ ማለትም በእጅ የሚዞረውን ትንሹን ሳይሆን አህያ የምትጎትተውን ትልቁን ድንጋይ፣ ተርጓሚው ለእንስሳው የሮማውያኑን ስም ተበድሮ ለድንጋዩ የራሱን አኖረ። ወፍጮን ለመጥራት ብድር አላስፈለገውም፤ ከቤቱ ነበረው።

ይህ ጥቅስ ያለበት «የብር መጽሐፍ» የሚባለው ቅጂ በ6ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ጣልያን ውስጥ በወይን ጠጅ ቀለም በተነከረ ብራና ላይ በብርና በወርቅ ቀለም ተጽፎ ዛሬ ስዊድን፣ ኡፕሳላ ዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት ይገኛል።

በእንግሊዝኛው በኩልም ወንጌሉ ይረዳናል። ማቴዎስ 24፥41 ላይ «ሁለት ሴቶች በወፍጮ ይፈጫሉ» የሚለውን የጥንት እንግሊዛውያን ሲተረጉሙ ሴቶቹን ያስቀመጧቸው «ክዌዎርን» ላይ ነው። አማርኛ አንባቢ ይህን ጥቅስ ሲያነብ ማብራሪያ አይፈልግም፤ የዛሬ እንግሊዛዊ ግን ሁለት ሴቶች አንድ ወፍጮ ላይ ምን እንደሚያደርጉ የግርጌ ማስታወሻ ያስፈልገዋል።

ከዚያ በፊትስ ከየት መጣ?

እዚህ ላይ ነው ፊደላችን የሚያግዘን። ጀርማኒክ ቋንቋዎች ከላቲን፣ ከግሪክ፣ ከሩስያኛ፣ ከአርመንኛ፣ ከሳንስክሪትና ከሌሎችም ጋር ከአንድ ጥንታዊ ቋንቋ የወጡ ናቸው፤ ኢንዶ አውሮፓዊ ይባላል። በዚያ ቋንቋ የወፍጮው ስም የሚጀምረው በ«ጕ» ነበር፤ «ጕርን» የመሰለ ድምፅ። የፈረንጅ የቋንቋ መጻሕፍት ይህን ድምፅ ለማስረዳት ከገ አጠገብ ከፍ ብላ የምትጻፍ ትንሽ ምልክት ይጨምራሉ፤ እኛ ጐንደርንና ጕልበትን በቀድሞው አጻጻፍ የጻፍንበት ፊደል ስለሆነ ምልክት አያስፈልገንም።

ያ ጕ በየአገሩ ሲበተን የደረሰበትን ተመልከቱ። ጀርማኒኮቹ ጋ ድምፁ ጠንክሮ ኰ ሆነ፤ ከንፈሩ እንደ ሞጠሞጠ ቀረ። ሊትዌንያውያን የከንፈሩን ነገር ትተው «ጊርኖስ» አሉ። ሩስያውያን «ዦርኖቭ»፣ ፖላንዳውያን «ዣርና»፤ አርመኖች ድምፁን ገለባብጠው «ዬርካን»። የአየርላንድና የዌልስ ሰዎች ደግሞ የሞጠሞጠውን ከንፈር ጭራሹን ገጠሙት። ጐ ለማለት ተዘጋጅታችሁ ከንፈራችሁን አንድ ላይ ብትዘጉት የሚወጣው በ ነው፤ ስለዚህ ጥንታዊው አይሪሽ «ብራው»፣ ዌልሱ «ብሬያን» ሆነ። በመጀመሪያ እይታ «ብራው» እና «ኰርን» አንድ ቃል ናቸው ቢባል ማንም ይስቃል። ናቸው ግን።

ገ ወደ ከ፣ ደ ወደ ተ መጠንከሩ የጀርማኒክ ቋንቋዎች ሁሉ ጠባይ ነው፤ የላቲኑ «ዱኦ» (ሁለት) በእንግሊዝኛ «ቱ» የሆነው በዚሁ ነው። ሕጉን በ1822 አደላድሎ ያወጣው ያኮብ ግሪም ነው፤ አዎ፣ ከወንድሙ ጋር ተረት የሰበሰበው ግሪም ራሱ።

በቆሎ ማለት ከሆነው «ኮርን» ጋር ይዛመዳል?

አይዛመድም። ይህ ጥያቄ ሳይጠየቅ የሚውል ቀን የለም፣ እንግሊዝኛ ተናጋሪዎቹም ይጠይቁታል፤ እህልና ወፍጮ ጎረቤት ስለሆኑ ቃሎቹም ዘመድ ይመስላሉ።

የሚለያቸው ያው የከንፈሩ ነገር ነው። «ኮርን» (በድሮ ትርጉሙ ማንኛውም የእህል ፍሬ) የመጣው ከንፈር ከሌለበት ሌላ ዓይነት ገ ነው፤ የላቲኑ «ግራኑም» ወንድሙ ነው። ሁለቱ ገ-ዎች በሌሎቹ ቋንቋዎች ፈጽሞ አይገናኙም። ሩስያኛ ፍሬውን «ዜርኖ» በዘ፣ የወፍጮውን ድንጋይ «ዦርኖቭ» በዠ ይላል። ሊትዌንያ አተር «ዢርኒስ» ነው፣ ወፍጮ «ጊርኖስ»። ጥንታዊ አይሪሽ ለፍሬው «ግራን»፣ ለወፍጮው «ብራው»። ሦስት ቤት ሄዳችሁ ሦስቱም ቤት ሁለቱ ተለያይተው ከተገኙ፣ አራተኛው ቤት ውስጥ መመሳሰላቸው አጋጣሚ ነው።

«ከባድ» ከሚል ቃል ወጥቷል የሚባለው እውነት ነው?

ብዙ ሊቃውንት ይሉታል፤ ሳይሆን አይቀርም። «ከባድ» የሚለው ኢንዶ አውሮፓዊ ሥር በዚያው በጕ ይጀምራል። ከእሱ የሳንስክሪቱ «ጉሩ» ወጥቷል፤ መንፈሳዊ መምህር ከመሆኑ በፊት ትርጉሙ «ከባድ» ነው። የላቲኑ «ግራቪስ»ም፣ የግሪኩ «ባሩስ»ም የእሱ ልጆች ናቸው፤ ከግሪኩ ባሮሜትርና ባሪቶን መጥተውልናል። ወፍጮው እንግዲህ «ከባዱ» ነው፣ ከባዱ ድንጋይ።

ድምፁ ይገጥማል፣ ትርጉሙም ይገጥማል። እኔን የሚያሳምነኝ ግን ሌላ ነገር ነው። ሕንድ ውስጥ «ግራቫን» የሚል ወንድም ቃል አለ፤ በሪግ ቬዳ (በጥንታዊው የሕንድ የመዝሙር መጽሐፍ) ዘመን ሶማ ለተባለው የመሥዋዕት መጠጥ ተክሉን የሚጨምቁበት ድንጋይ ስም ነው። እዚያ እህል የለም፣ ዱቄት የለም። በሁሉም ቦታ ሳይለወጥ የቆየው ከባዱ ድንጋይ ብቻ ነው፤ የተለወጠው ከሥሩ የሚገባው ነገር ነው።

ቃሉ ሲወለድ ወፍጮው ምን ይመስል ነበር?

ሰው «ኰርን» ብሎ ፎቶ ቢፈልግ የሚያገኘው ሁለት ክብ ድንጋዮች ነው፤ ስፋታቸው አብዛኛውን ጊዜ ከ30 እስከ 50 ሳንቲሜትር፣ የላይኛው መሐሉ ቀዳዳ፣ ጠርዙ ላይ እጀታ። እህሉ በቀዳዳው ይገባል፣ ድንጋዩ ይዞራል፣ ዱቄቱ በዙሪያው ይወጣል። ግን ይህ የሚዞረው ወፍጮ ከክርስቶስ ልደት 500 ዓመት ያህል በፊት በስፔን ምድር አካባቢ የታየ ነገር ነው። ሰሜን አውሮፓ የደረሰው ደግሞ ከዚያ በኋላ ነው። ቃሉ ግን የሕንድና የአየርላንድ ቋንቋዎች ከመለያየታቸው በፊት ነበረ፤ ቢያንስ በሁለት ሺህ ዓመት ይቀድመዋል።

ስለዚህ ቃሉን መጀመሪያ የተናገሩት ሰዎች በአእምሯቸው የሚዞር ነገር አልነበረም። የነበረው ሁለት ድንጋይ ነው፤ ትልቁ ከታች ተጋድሞ፣ ትንሹ ከላይ በሁለት እጅ ተይዞ ወደ ፊት እየተገፋ ወደ ኋላ እየተሳበ። የአርኪዮሎጂ ሰዎች የታችኛው መሐሉ እየተበላ ስለሚጎደጉድ «የኮርቻ ወፍጮ» ይሉታል። እኛ ወፍጮና መጅ እንለዋለን።

ይህን ያህል ርቀት ተጉዘን አያቴ ቤት ጓዳ ውስጥ መግባታችን ነው። ከመደቡ ላይ የተቀመጠው ድንጋይ፣ መሐሉ እንደ እጅ መዳፍ ጎድጉዶ፣ ከጫፉ የሚወርደው ዱቄት፣ ድንጋዩ ለስልሶ እህሉን ማንሸራተት ሲጀምር መወቀሩ፤ የአውሮፓ ሙዚየሞች በመስታወት ውስጥ ያስቀመጡትን ሳይ መጀመሪያ የምፈልገው የመወቀሩን ጠባሳ ነው። ብዙዎቹ ላይ አለ። የኢትዮጵያ ገጠር ሴት ከነሐስ ዘመን ዴንማርካዊት ወፍጮ ፊት ብትቆም አስተማሪ አያሻትም።

ሌላም ፍንጭ አለ። በሊትዌንያኛና በፖላንድኛ የወፍጮው ስም ሁልጊዜ በብዙ ቁጥር ነው የሚነገረው፤ ነጠላው አንዱን ድንጋይ ብቻ ነው የሚያመለክተው። በዕብራይስጥም (ዘመድ ባይሆንም) «ሬሐዪም» የሁለት ቁጥር ነው። ወፍጮ ብቻውን አይሆንም፤ ጥንድ ነው።

የሚፈጨው ማን ነበር?

ሴቶች፣ በተለይም ባሪያዎች። በ600 አካባቢ የተጻፈውና በእንግሊዝኛ ከተጻፉ ሕጎች ሁሉ የመጀመሪያው የኬንት ንጉሥ ኤቴልበርት ሕግ በንጉሡ ቤት ያሉ ሴቶችን በማዕረግ ይመድባል። ከንጉሡ አገልጋይ ልጃገረድ ጋር የተኛ 50 ሺሊንግ ይከፍላል፤ ሴቲቱ «ፈጪ ባሪያ» ከሆነች 25፤ ከሦስተኛው ደረጃ ከሆነች 12። መፍጨት በሕግ ፊት የአንዲት ሴት መጠሪያ ነበር፣ ዋጋዋም ከዚያ ይቆጠር ነበር። ካሳው ለእሷ እንዳልነበረ መናገር አያስፈልግም።

አይስላንዳውያን በ13ኛው መቶ ዘመን የጻፉት ታሪክ ይህንኑ ከሌላ ወገን ያሳያል። ፍሮዲ የተባለ የዴንማርክ ንጉሥ ከስዊድን ሁለት ባሪያ ሴቶች ይገዛል፤ ፌንያና ሜንያ፣ የግዙፎች ዘር። ግሮቲ የምትባል ወፍጮ ነበረችው፤ የተጠየቀችውን ሁሉ የምትፈጭ፣ ግን ድንጋዩዋን ማዞር የሚችል ሰው ጠፍቶባት የኖረች። ንጉሡ ወርቅና ሰላም ፍጩ ይላቸዋል። ይፈጫሉ። ዕረፍት ሲጠይቁት፣ ኩኩ የተባለችው ወፍ ዝም ብላ የምትቆይበትን ያህል ብቻ ይሰጣቸዋል። በመጨረሻ ሴቶቹ ወርቁን ትተው ጦር ይፈጩበታል፤ በዚያው ሌሊት ሚሲንግ የተባለ የባሕር ንጉሥ መጥቶ ፍሮዲን ይገድላል። ሚሲንግም ከእሱ አልተማረም። ወፍጮዋንና ሴቶቹን መርከብ ላይ ጭኖ ጨው ፍጩ አላቸው። እኩለ ሌሊት ላይ ጨው አልበቃህም ወይ ብለው ጠየቁት፤ ቀጥሉ አለ። መርከቡ ሰመጠ። ባሕሩም በወፍጮዋ ዓይን ውስጥ እየገባ ሲሽከረከር አዙሪት ሆነ፣ ውኃውም ጨው ሆነ።

«ዓይን» ያልኩት ትርጉሜ አይደለም፤ በኖርስ የላይኛው ድንጋይ ቀዳዳ ስሙ «የኴርን ዓይን» ነው። የኖርዌዩ ንጉሥ ሆኮን በልጅነቱ ካሳደገው ከእንግሊዙ ንጉሥ ኤቴልስታን የተሰጠው ሰይፍም «ኴርን ነካሽ» ይባል ነበር፤ ሆኮን የወፍጮ ድንጋይ እስከ ዓይኑ ድረስ ሰነጠቀበት ይላል ታሪኩ። ሰይፎችን የማላምን ሰው ብሆንም ስሙ ደስ ይለኛል።

እንግሊዝኛና ጀርመንኛ ቃሉን ለምን ጣሉት?

በውኃ የሚዞረው የሮማውያን ወፍጮ ስሙን ይዞ ስለመጣ። የላቲኑ «ሞሊና» እንግሊዝ ገብቶ «ሚል»፣ ጀርመን ገብቶ «ሙውለ» ሆነ። መጀመሪያ ላይ ሁለቱ ተካፍለው ኖሩ፤ በእጅ ያለው «ኰርን»፣ ወንዝ ላይ ያለው «ሚል»። በ1086 የንጉሥ ዊልያም ሰዎች የእንግሊዝን ንብረት ሲቆጥሩ ከ5000 በላይ የውኃ ወፍጮ መዘገቡ። የወንዙ ወፍጮ ሲበዛ የእጁ ስም አብሮ እየደበዘዘ ሄደ።

በገዛ ፈቃዱ ብቻ ግን አልሄደም። የውኃው ወፍጮ የባላባቱ ወይም የገዳሙ ነበር፤ ገባሩ እዚያ መፍጨትና ከእህሉ ድርሻ መክፈል ነበረበት። ቤቱ የእጅ ወፍጮ ያለው ሰው ለጌታው ኪሳራ ነው። ሴንት አልባንስ በተባለችው የእንግሊዝ ከተማ የገዳሙ አበ ምኔት ሪቻርድ ኦቭ ዎሊንግፎርድ (1327–1336) የከተማውን ሰው የእጅ ወፍጮዎች ወርሶ የገዳሙን ወለል አነጠፈባቸው። በ1381 የገበሬዎች አመፅ ሲነሣ የከተማው ሰዎች ገዳሙ ገብተው ወለሉን ነቅለው ድንጋዮቹን ሰባበሩ፤ ስብርባሪውንም እሑድ እሑድ በቤተ ክርስቲያን እንደሚታደል የተባረከ እንጀራ ተካፍለው ወደየቤታቸው ወሰዱ። ግማሽ ምዕት ዓመት ቆይቶ ልጅ የእናቱን ወፍጮ ሲፈልግ ማለት ነው።

ስካንዲኔቪያ ውስጥ ታሪኩ የተለየ ነው። ስዊድኖች «ክቫርን»ን አልጣሉም፤ ይልቁንም አዲሱን ሁሉ በእሱ ጠሩት፤ የነፋሱንም የውኃውንም የሞተሩንም። ይህ ለእኛ እንግዳ አይደለም። «ወፍጮ» መጀመሪያ የድንጋዩ ስም ነበር፤ ናፍጣው ሞተር ሲመጣ ቃሉን ወረሰውና ዛሬ «ወፍጮ ቤት ሂድ» የተባለ ልጅ ድንጋይ አያስብም። የድንጋዩን ስንፈልግ ነው አሁን «የእጅ ወፍጮ» ብለን የምንለየው።

ዛሬ የት የት ይገኛል?

ስቶክሆልም የምትኖሩ ወጥ ቤታችሁን ክፈቱ፦ የቡና መፍጫው «ካፌክቫርን»፣ የቁንዶ በርበሬው «ፔፓርክቫርን»፣ የሥጋው ደግሞ «ሸትክቫርን» ነው። ከከተማው ወጣ ብሎ «ክቫርንሆልመን» አለ፣ የወፍጮ ደሴት።

እንግሊዝ ውስጥ ሌስተርሻየር «ክዎርን» የምትባል መንደር አለች፤ የድሮ ስሟ «የወፍጮ ድንጋይ ኮረብታ» ማለት ነው፣ ድንጋዩ እዚያ ይወጣ ስለነበር። ከ1985 ጀምሮ የሚሸጠው ከሻጋታ ዘር የሚሠራው የሥጋ ምትክ ምግብ ስሙን የወሰደው ከዚህች መንደር ነው። ስለዚህ በጾም ቀን ፓኬቱን ገዝቶ የበላ (አንዳንዱ ዓይነት እንቁላል አለበትና ጀርባውን አንብቡ) ሳያውቀው የወፍጮ ስም በልቷል። ጀርመን ውስጥ ደግሞ «ክቬርፉርት» የሚባል ከተማ አለ፣ የወፍጮ መሻገሪያ።

ከአማርኛ ወይም ከግዕዝ ጋር ዝምድና አለው?

የለውም። «ወፍጮ» ከ«ፈጨ» ነው። የትግርኛው «መጥሓን» ከ«ጠሓነ» ነው፤ የዓረብኛውና የዕብራይስጡ ዘመድ። የእኛ ቋንቋዎች ወፍጮን የሰየሙት በሥራው ነው፣ የእነሱ (ከላይ ያልነው ትክክል ከሆነ) በክብደቱ።

በአማርኛ ስንተረጉመው ምን እንበል?

የሚገፋውን፣ የኮርቻውን፣ ያለ ፍርሃት «ወፍጮ» በሉት፤ የላይኛውን ድንጋይ «መጅ»። የሚዞረውን «የሚዞር የእጅ ወፍጮ» በሉ፤ የላይኛው ድንጋዩ ግን መጅ አይባል። መጅ ይገፋል እንጂ አይዞርም፣ የሚያውቅ አንባቢ ይስቅባችኋል። «የላይኛው ድንጋይ» ይበቃል። ቀዳዳውን ግን «ዓይን» ብትሉት እኔ በበኩሌ አልቃወምም።